«በቃ» ማለትም ሥራ ነው

ሥራ መጀመርን የሚያስተምር ብዙ ነው። አባት ልጁን፥ መምህር ተማሪውን፥ አለቃም ጸሓፊውን «ጀምር፥ ትጋ፥ ግፋበት» ይለዋል። ሥራን በክብር ማቆም እንዴት እንደሆነ የሚያስተምር ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህም ብዙ መልካም ጅምር ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ይሞታል፤ አለዚያም በሌላ ሰው እጅ ይገባና ስሙ ብቻ ይቀራል። አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ስለዚህ ነገር ላጫውትህ አስቤ ምሳሌ ብፈልግ፥ ምሳሌዬን ያገኘሁት ከሊቃውንት መጽሐፍ ሳይሆን ካልታሰበ ስፍራ ነው፤ ይኸውም «ቤሩሪዬ ኗር» ከሚባል ከአንድ የፈረንሳይ የፓንክ ሮክ የሙዚቃ ጓድ ታሪክ ነው።

«ፓንክ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ጠጕሩን አረንጓዴ ቀለም የነከረና መርፌ ቁልፍ በጆሮው ያንጠለጠለ ጎረምሳ ይታይህ ይሆናል። ፊትህን አትቋጥር። ወደ ጩኸት ልጋብዝህ አይደለም፤ ሙዚቃቸውን ብትወድ ውደደው፥ ባትወደውም ተወው። እኔ የምነግርህ ስለ አሠራራቸው ነው፤ አሠራራቸው ግን ለተማሪም፥ ደመወዙ ለወር ለማይበቃው ለእንደኔ ያለ ጸሓፊም የሚጠቅም ነገር አለው። የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን ልብ በል።

ፓንክ የሚባለው ሙዚቃ በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክና በለንደን ወጣቶች መካከል ተነሣ። በፈረንሳይም ሞን ደ ማርሳን በምትባል በደቡብ ምዕራብ በምትገኝ ከተማ በ1976 ዓ.ም. በኦገስት ወር የፓንክ የሙዚቃ በዓል ተደርጓል። የፓንኮች ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነበር፤ ጊታር ለመምታት ብዙ ዓመት መማር አያስፈልግም፥ ሦስት ድምፅ የሚያውቅ ሰው ዘፈን ሊሠራ ይችላል፤ የሚያሳትመው ሰው ቢያጣ ራሱ ያሳትም፥ የሚጽፍለት ጋዜጣ ቢያጣ ራሱ ጽፎ በፎቶ ኮፒ ያባዛ። ከዚህ የተነሣ ከሙዚቃው ይልቅ ልማዱ ሰፋ፤ የራስን ነገር በራስ እጅ የመሥራት ልማድ ማለቴ ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፓሪስ ምሥራቃዊ ሰፈሮች፥ በቤልቪልና በአካባቢው፥ ባለቤቶቻቸው ትተዋቸው የሄዱ ብዙ ፋብሪካዎችና ቤቶች ነበሩ። ሥራና ቤት ያጡ ወጣቶች እነዚህን ባዶ ቤቶች ሰብረው እየገቡ ይኖሩባቸው፥ ሥዕል ይሥሉባቸው፥ ማታ ማታም ሙዚቃ ያሰሙባቸው ጀመር። ፖሊስ መጥቶ ሲያስወጣቸው ወደ ሌላው ይሻገራሉ። በዚያው ዘመን፥ በ1981 ዓ.ም.፥ የፈረንሳይ መንግሥት የግል የሬዲዮ ጣቢያዎችን ስለ ፈቀደ በየሰፈሩ ትናንሽ ጣቢያዎች ተከፈቱ። እንግዲህ መድረኩ ባዶ ፋብሪካ፥ ጋዜጣው የተባዛ ወረቀት፥ ሬዲዮውም የሰፈር ጣቢያ ሆነ ማለት ነው።

ከእነዚህ ፋብሪካዎች አንዱ «ዩዚን ፓሊ ካኦ» ይባል ነበር። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. እዚያ አንድ የሙዚቃ ትርዒት ተደረገ። ትርዒቱ የስንብት ነበር፤ «ቤሩሪዬ» የተባለ ጓድ አባሎቹ ተበታትነው አልቆ ስለነበር፥ የቀሩት ሁለት ሰዎች፥ ዘፋኙ ፍራንሷና ጊታር መቺው ሎራን፥ ጓዳቸውን ሊቀብሩ ቆሙ። የጓዱ ስም የተወሰደው ፍሬዴሪክ ዳር «ሳን አንቶኒዮ» በሚል ስም ከጻፋቸው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች ነው፤ ቤሩሪዬ በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ወፍራም፥ ሆዳምና አፉ ያልተገራ መርማሪ ነው። ሁለቱ ወጣቶች ለሐዘኑ ምልክት እንዲሆን በስሙ ላይ «ኗር» የሚል ቃል ጨመሩበት፤ «ጥቁር» ማለት ነው። ነገር ግን ለቀብር የመጣው ሰው ደስ ብሎት ተመለሰ። ሬሳውም ተነሣና ሰባት ዓመት ያህል ኖረ።

ከበሮ መቺ አልነበራቸውም። ከበሮ የሚያህል ዕቃ ተሸክሞ ከአንዱ ባዶ ቤት ወደ ሌላው መዞርም አይቻልም። ስለዚህ የከበሮ ምት የሚያወጣ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ገዙና እንደ ሰው ስም አወጡላት፤ «ዴዴ» አሏት። ዴዴ አትደክምም፥ አትከፈልም፥ አትጣላም፤ ነገር ግን አትሳሳትም፥ ስሜትም የላትም። ብዙ ሙዚቀኛ ይህን እንደ ጕድለት ቈጥሮ ይደብቀው ነበር። እነርሱ ግን ጕድለታቸውን መታወቂያቸው አደረጉት፤ ያ ደረቅና ማያቋርጥ ምት እንደ ፋብሪካ ድምፅ ሆኖ ለዘፈናቸው ተስማማ። አንባቢ ሆይ፥ ድህነት አንዳንድ ጊዜ ለሰው የራሱን መልክ ይሰጠዋል።

በ1984 ዓ.ም. «ማካዳም ማሳክር» የተባለውን የመጀመሪያውን ትልቅ ሸክላቸውን አወጡ፤ በ1985 ዓ.ም. ሁለተኛው ተከተለ፥ በ1987 ዓ.ም. «አብራካዳቡም»፥ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የመጨረሻው። ከሸክላዎቹ ብዙዎቹን ያሳተመው «ቦንዳዥ» የሚባል በወዳጆቻቸው የቆመ ትንሽ ድርጅት ነበር፤ የጓዱ ሥራ አስኪያጅ ማርሱም የዚያው ድርጅት ሰው ነበር። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ጋር አልተፈራረሙም።

እዚህ ላይ የሸክላን ንግድ አሠራር በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ትልቅ ኩባንያ ሙዚቀኛን ሲያስፈርም አስቀድሞ ቀብድ ይሰጠዋል። ሙዚቀኛው ገንዘቡ ስጦታ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ብድር ነው። ሸክላው በተሸጠ ቍጥር ለሙዚቀኛው ከሚደርሰው ድርሻ ላይ ኩባንያው ቀብዱን፥ ብዙ ጊዜም የቀረጻውን ወጪ ጭምር፥ እየቀነሰ ያስቀራል። ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ ሙዚቀኛው ከድርሻው ሳንቲም አያይም። ዕዳው ካለቀም በኋላ ዋናው የድምፅ ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው ንብረት እንደሆነ ይቀራል። ውል ሳያነቡ የሚፈርሙ ልጆች ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ የሚሆኑት ስለዚህ ነው። በሌላው ወገን ግን ትልቁ ኩባንያ ያለው ነገር ትንሹ ድርጅት የለውም፤ ሸክላውን በየከተማው ያደርሳል፥ በሬዲዮ ያሰማል፥ ለታመመ ሙዚቀኛም መታከሚያ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ሊሰጥ ይችላል። ነጻነት ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ነጻ የሆነው ሰው ራሱ ነው።

ቤሩሪዬ ኗር ዋጋውን በምን ከፈሉት ብትለኝ፥ በብዙ ሰው እጅ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ሁለት የነበሩት ሰዎች እየቆዩ ትልቅ ቤተሰብ ሆኑ። ማስቶ የተባለ ሳክስፎን ነፊ መጣ፤ የሚቀበሉ ዘፋኞች፥ የሚጨፍሩ፥ እሳት ከአፋቸው የሚተፉ፥ ጭምብል የሚሠሩ ወዳጆች ተጨመሩ። መድረካቸው ሰርከስ ይመስል ነበር፤ የአሳማ ጭምብል፥ የቀልደኛ ቀይ አፍንጫ፥ ችቦና ባንዲራ ይታይበታል። የመግቢያ ዋጋ ዝቅተኛ እንዲሆን ይጥሩ ነበር፤ ምክንያቱም የሚመጣላቸው ሰው የሥራ አጥ ልጅና ተማሪ ነበር።

የሚዘፍኑት ስለማን ነው? ስለ እስረኛ፥ ስለ አእምሮ ሕመምተኛ፥ ቤት ስለሌለው ልጅ፥ ስለ ስደተኛ ነው። የሁለተኛው ሸክላቸው ስም ራሱ «ኮንሰርቶ ለነኩ ሰዎች» እንደማለት ነው። በ1985 ዓ.ም. ያወጡት «ሳሉ አ ቷ» የተባለው ዘፈን የዓለምን ሕዝቦች ስማቸውን እየጠራ በየተራ ሰላምታ የሚሰጥ ነው፤ «ጤና ይስጥልኝ» እያለ ከአገር ወደ አገር ይዞራል። ጊዜውን አስብ፤ ፍሮን ናሲዮናል የተባለው የውጭ አገር ሰውን የሚጠላ ፓርቲ በ1984 ዓ.ም. በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ከመቶ 11 ያህል ድምፅ አግኝቶ አገሩን ያስደነገጠበት ጊዜ ነበር። በ1986 ዓ.ም. በዲሴምበር ወርም ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲን ሕግ ተቃውመው በወጡበት ሰሞን ማሊክ ኡሴኪን የተባለ የ22 ዓመት ተማሪ ፖሊሶች ደብድበውት ሞተ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስደተኛን በስሙ ጠርቶ ሰላም ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። «ፖርሽሪ» በተባለው ዘፈናቸው ደግሞ ዘረኝነትን ፊት ለፊት ተናገሩት፤ «የአሳማ በረት» ማለት ነው። ይህ ዘፈን ሲዘፈን ወጣቶች በዚያ ፓርቲ ላይ የሚያሰሙት መፈክር ከዓመታት በኋላ፥ በ2002 ዓ.ም. የፓርቲው መሪ ለፕሬዚዳንትነት ምርጫ ሁለተኛ ዙር ባለፈ ጊዜ፥ በፓሪስ አደባባዮች እንደ ገና ተሰማ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ይህንኑ ዘፈን በስልኬ ሳዳምጥ፥ በመዝገብ ቤታችን የሚሠሩ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ድምፁ ደረሳቸውና ጠጋ አሉኝ።

«ይኼ ምንድር ነው ልጄ?»

«ሙዚቃ ነው ጋሼ።»

«የተጣላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።»

«አዎን፥ ተጣልተዋል።»

«ከማን ጋራ?»

ከማን ጋራ እንደሆነ እኔ የምችለውን ያህል አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ለመሆኑ ገንዘቡን ማን ነው የሚሰጣቸው?» ብለው ጠየቁ። ማንም እንደማይሰጣቸው፥ ሸክላውንም ራሳቸውና ወዳጆቻቸው እንዳሳተሙት ነገርኋቸው። ጋሼም ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲያማ ይጩኹ! የሰው እንጀራ ያልጐረሰ አፍ ነው» አሉና ወደ መዝገባቸው ተመለሱ። እኔ ስለ ነጻ ሙዚቃ ካነበብሁት ሁሉ የእርሳቸው ቃል ይበልጥብኛል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1988 ዓ.ም. ጓዱ በፓሪስ «ዜኒት» በሚባለው 6,000 ያህል ሰው በሚይዝ አዳራሽ ተጫወተ። ከባዶ ፋብሪካ ተነሥቶ፥ ያለ ትልቅ ኩባንያ፥ እንዲህ ካለ አዳራሽ መድረስ በአገሩ እንደ ተአምር ተወራ። ነጋዴዎችም ወሬውን ሰሙ። በዚያው ሰሞን ከእነርሱ ጋራ በአንድ መንፈስ ከተነሡት ጓዶች ትልልቆቹን ኩባንያዎች የተቀላቀሉ ነበሩ፤ ለምሳሌ በማኑ ቻዎ የሚመራው «ማኖ ኔግራ» የመጀመሪያ ሸክላውን በትንሽ ድርጅት ካሳተመ በኋላ ወደ ቨርጂን ኩባንያ ገባ። ማኖ ኔግራን ለመውቀስ አይደለም፤ በዚያ መንገድ ሄደው ሙዚቃቸውን እስከ ደቡብ አሜሪካ ድረስ አድርሰዋል። መንገዱ ግን ሁለት ሆኖ ነበር፤ አብረው የተነሡ ሰዎችም በመንታው ላይ ቆመው ተከራከሩ።

ቤሩሪዬ ኗር ከሁለቱ መንገዶች አንዱንም አልመረጡም። በኃይላቸው ከፍታ ላይ ሳሉ «በቃ» አሉ። በኖቬምበር 9፥ 10 እና 11 ቀን 1989 ዓ.ም. በፓሪስ «ኦሎምፒያ» አዳራሽ፥ እነ ኤዲት ፒያፍና ዣክ ብሬል በዘፈኑበት መድረክ ላይ፥ ሦስት ሌሊት ተጫውተው ተሰናበቱ። በመጀመሪያዋ ሌሊት የበርሊን ግንብ መከፈቱ የታሪክ መገጣጠም ነው። የእነዚያ ሌሊቶች ቅጂ በ1990 ዓ.ም. «ቪቫ ቤርታጋ» በሚል ስም ወጣ። ቀብር ብለው በጀመሩት ሥራ ሁለተኛ ቀብር አደረጉለት፤ የመጀመሪያው ሰው በማጣት ነበር፥ ሁለተኛው ግን ሰው ሞልቶ ሳለ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ «እውነት ጨርሰው ቀሩ?» ብለህ ብትጠይቀኝ አልዋሽህም። በ2003 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር በሬን ከተማ በሚደረገው «ትራንስ ሙዚካል» በተባለው የሙዚቃ በዓል ላይ ተመልሰው ታዩ፤ በ2004 ዓ.ም. ወደ ካናዳ ኬቤክ ድረስ ሄዱ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ገና አበቁ። ይህን ሰምቶ «ታዲያ ስንብታቸው ምኑ ላይ ነው?» የሚል አይታጣም። እኔ ግን አሥራ አራት ዓመት ያህል ዝም ብሎ ቆይቶ የተመለሰ ሰው፥ ሳያቋርጥ ስሙን በየዓመቱ ከሚሸጥ ሰው ጋራ አንድ አይመስለኝም።

ከጓዱ ውጭ ምን ሠሩ? ለተማሪው አንባቢ ከሁሉ የሚጥመው ይህ ነው። ዘፋኙ ፍራንሷ፥ ሙሉ ስሙ ፍራንሷ ጊዬሞ፥ ወደ ትምህርት ተመለሰ። የቬትናምን ታሪክ አጥንቶ ምሁር ሆነ፤ ሊዮን ከተማ ባለ የምሥራቅ እስያ የጥናት ተቋም በፈረንሳይ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማዕከል ስር ሠራ፤ «ዳይ ቬት» ስለተባለው የቬትናም ብሔርተኛ ፓርቲም በ2012 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳትሟል። ቀይ አፍንጫ ለጥፎ ሲጮኽ የነበረው ሰው አቧራ የጠጣ መዝገብ ሲያገላብጥ ዋለ ማለት ነው። ጊታር መቺው ሎራን ደግሞ ወደ ብሬታኝ ሄደና «ለ ራሞነር ደ ሜኒር» የተባለውን ጓድ ከሌሎች ጋራ አቋቋመ፤ ይህም ጓድ የብሬታኝን የጥንት ዘፈንና የትንፋሽ መሣሪያ ከፓንክ ጋራ አዋሕዶ፥ ተናጋሪው እየመነመነ በሄደው በብሬቶን ቋንቋ የሚዘፍን ነው። ሁሉም ግን ዕድሜ አላገኙም፤ በጓዱ ውስጥ ሲቀበል የነበረው ሄልኖ «ለ ኔግሬስ ቬርት» የተባለው ጓድ ዘፋኝ ሆኖ ስሙ ከተጠራ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ገና በ29 ዓመቱ አረፈ።

የታሪኩ መደምደሚያ ደግሞ ያስገርማል። በራሪ ወረቀታቸው፥ በእጅ የተጻፈው ግጥማቸው፥ ጭምብላቸውና ልብሳቸው በ2021 ዓ.ም. ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በስጦታ ተሰጠ፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ በዚሁ ላይ ኤግዚቢሽን ከፈተ። ፖሊስ ከባዶ ቤት ሲያባርራቸው የነበሩ ሰዎች ወረቀት ከነገሥታት መጻሕፍት ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ዐደረ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆንህ ወንድሜ ሆይ፥ ማንኛውንም ወረቀት «ተራ ነው» ብለህ ከመጣልህ በፊት ይህን አስብ።

ለእኛም አገር ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ፥ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ ሳለ፥ የሚመጣውን እቀበላለሁ ብሎ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቃቸው የእነ ጥላሁን፥ የእነ ማሕሙድና የእነ ሙላቱ ብዙ ሥራዎች በእርሱ ሸክላ ላይ የታተሙ ናቸው። እነዚያንም ሸክላዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሥራ እንደ ገና ለዓለም ያሰማቸው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ አሳታሚውም በፓሪስ የሚገኝ ትንሽ ድርጅት ነው። ትንሽ ቤት ትልቅ ቤት ያልደፈረውን ሲሠራ በሁለቱም አገር ታይቷል።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንደማወራህ ልንገርህ። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንዳችን ወላጆች ሰርቪስ ቤት ተሰብስበን ሙዚቃ እንጫወታለን። ሁለቱ አስተማሪዎች ናቸው፥ አንዱ ተማሪ ነው፥ እኔ ጸሓፊ ነኝ። ጊታሩ የራሳችን ነው፤ ድምፅ ማጕያው ግን የተውሶ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ነጋዴ ሰማንና ሙሉ መሣሪያ ሊገዛልን፥ ደመወዝም ሊቈርጥልን ቃል ገባ። በምትኩ ለሦስት ዓመት በአዳራሹ ብቻ እንድንጫወት፥ ዘፈኑንም እርሱ እንዲመርጥ ጠየቀ። ነጋዴው ክፉ ሰው አይደለም፤ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ትርፉን ማሰቡ ተገቢ ነው።

አራታችን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። አንደኛው ጓደኛችን «እናንተ ስለ ነጻነት ታወራላችሁ፤ እኔ ግን የእናቴን የቤት ኪራይ እከፍላለሁ» አለ። መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለኝም። ሦስታችን እንቢ አልን፥ እርሱ ግን ፈረመ። ዛሬ በዚያ አዳራሽ ይጫወታል፥ እናቱም ከቤቷ አልወጣችም። አልተጣላንም፤ እሑድ እሑድ ቡና አብረን እንጠጣለን። እኛ ሦስታችን ደግሞ ደመወዝ በተቀበልን ቍጥር ዕቁብ እንጥላለን፤ የሚደርሰው ገንዘብ ለአንድ ቀን የቀረጻ ክፍል ኪራይ ነው። እስካሁን ሁለት ዘፈን ቀርጸናል። ማንም ባያውቃቸው የእኛ ናቸው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም።

እንቢ ያልንበት ቀን አንድ ሌላ ነገርም ተስማምተናል፤ ሥራችን የእኛ መሆኑ የቀረ ቀን፥ አጨብጫቢ ቢኖርም ባይኖርም፥ ጊታሩን ሰቅለን በሰላም እንለያያለን። ይህን አስቀድመን በመወሰናችን ሥራው ቀለለን እንጂ አልከበደንም። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው መካከሉን አይፈራም።

አንተም አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት ሙዚቀኛ አይደለህም። ግን የምትወደው አንድ ሥራ አይጠፋህም፤ የምትጽፈው ድርሰት፥ ከጓደኞችህ ጋራ የከፈትኸው ማኅበር፥ የምታጠናው ትምህርት ይኖርሃል። ዛሬ ማታ የዚያን ሥራ ስም በወረቀት ላይ ጻፍ። ከሥሩም «ይህን አንድ ነገር ካጣሁ ሥራው የእኔ አይሆንም» የምትለውን ጻፍና ወረቀቱን አጥፈህ አስቀምጥ። ውል ይዞልህ የሚመጣ ሰው ሲኖር፥ ሰውዬው ደግም ይሁን ክፉ፥ ከመፈረምህ በፊት ያችን ወረቀት አውጥተህ አንብባት።